ወንዙ በበረደ ጊዜ ዓሣው ወዴት ይሄዳል?



በዚህ በሴንት ፖል ከተማ ለምትሰበሰቡት ወገኖቼ ንግግር እንዳደርግ የጉባኤው አዘጋጆች በጋበዙኝ ጊዜ ርእሱን ራሴ እንድመርጥ ፈቅደውልኝ ነበርና፣ አንዳንዶቻችሁ ምናልባት ከመድረክ ይነገርበታል ብላችሁ ያላሰባችሁትን፣ እኔ ግን በዚህ አገር ብርድ ውስጥ በመኖሬ ከሁሉ አብልጬ የወደድሁትን ነገር ይዤ ቀርቤአለሁ፤ ይኸውም ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው የብርድ ወራት፣ በአጠገባችን ከሚያልፈው ከሚሲሲፒ ወንዝ፣ ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ ስለ ማጥመድ ነው። 

ዓሣ ማጥመድን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰው በመካከላችን ቢኖር፣ ጴጥሮስና እንድርያስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ ለሐዋርያነት የተጠሩት ከመረባቸው አጠገብ መሆኑን ማስታወስ ይበቃዋልና በዚህ ላይ አልቆይም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በበጋ ወራት በሐይቁ ዳር ዘንግ ይዞ የማይታይ ወገን ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉ ረግፎ የመጀመሪያው በረዶ መሬቱን በሸፈነ ጊዜ፣ ዘንጉ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል፣ ጀልባውም በሸራ ይሸፈናል፤ ምክንያቱንም የጠየቃችሁ እንደ ሆነ «ዓሣው ተኝቷል» ወይም «ዓሣው ጠፍቷል» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ዛሬ ማታ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ይህ ነው፦ ዓሣው አልተኛም፣ አልጠፋምም፤ ብርዱ ኃይሉን እንዲቆጥብ ስላስገደደው፣ በበጋ በወንዙ ሁሉ ተበትኖ የነበረው በክረምት ጥቂት በሆኑና ሊታወቁ በሚችሉ ቦታዎች ተሰብስቧል፤ ስለዚህ የቁጠባውን ሕግ የተረዳ ሰው ያገኘዋል፣ ያልተረዳው ደግሞ ቀኑን ሙሉ በባዶ ውኃ ላይ ይደክማል። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ስለ ዓሣው ባሕርይ፣ ቀጥዬ ስለ ወንዙ፣ ከዚያም ስለ አጠማመዱ፣ በመጨረሻም ለዓሣውም ለራሳችንም ልናደርገው ስለሚገባን ጥንቃቄ እናገራለሁ።

ዎልአይ ጀርባው ወደ ወይራ ፍሬ ቀለም የሚያደላ፣ ጎኑ ወርቅማ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጥርሱም የሾለ ሥጋ በል ዓሣ ሲሆን፣ የሚኔሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1965 የግዛቱ መለያ ዓሣ አድርጋ መርጣዋለች። በዚህ ግዛት ተይዘው ከተመዘገቡት ሁሉ የሚበልጠው እ.ኤ.አ. በ1979 በሰሜን በኩል በሲጋል ወንዝ የተያዘው ነው፤ ክብደቱም 17 ፓውንድ ከ8 አውንስ፣ በእኛ መለኪያ 8 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። እኛ በየጊዜው የምንይዘው ግን ከ1 ኪሎ ግራም እምብዛም የማይርቅ ነው። በወንዙ ውስጥ ሶገር የሚባል ወንድም አለው፤ እርሱ በመጠን አነስ ያለ፣ የጀርባው ክንፍ በጥቋቁር ነጠብጣቦች የተዥጎረጎረ ነው። ዎልአይ ግን የጅራቱ የታችኛው ጫፍ ነጭ ስለ ሆነ፣ ያን ነጭ ምልክት ያየ ሰው ሁለቱን አያምታታም። ሕጉ ሁለቱን በአንድ ዓይን ስለማይመለከታቸው ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መማር ይገባል።

የዚህ ዓሣ ትልቁ ጸጋ ዓይኑ ነው። በዓይኑ ውስጥ በስተኋላ፣ የገባውን ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለው፣ ሌሎች ዓሣዎች በማያዩበት ጭላንጭል እርሱ ያያል፤ በሌሊት ፋኖስ ቢያበሩበት ዓይኑ የሚያበራው ስለዚህ ነው። ቀን ላይ በጠራ ውኃ ውስጥ የሚበላው ትንሽ ዓሣ አይቶት ያመልጠዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን አሳዳጁ ያያል፣ ተሳዳጁ ይታወራል። በበጋ ጎርፉና አረንጓዴው አልጌ የሚያደፈርሰው የሚሲሲፒ ውኃ በብርድ ወራት ይጠራልና፣ በክረምት የንጋትና የምሽት ሰዓት ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ በተለይም ፀሐይ ከገባች በኋላ ያለችውን አጭር ሰዓት እኔ በምንም አልለውጣትም።

ሁለተኛው የባሕርዩ ነገር፣ የንግግሬም መሠረት የሆነው፣ የደሙ ነገር ነው። እኛ ሰዎች ውጭው ቢበርድም ሰውነታችን ሙቀቱን ይጠብቃል፤ ዓሣ ግን የውኃውን ሙቀት ተከትሎ ይሞቃል፣ ተከትሎም ይበርዳል፤ የውኃው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር በሰውነቱ ውስጥ የሚከናወነው ሥራ ሁሉ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ምግብ የሚፈጭበት ጊዜ ይረዝማል፣ የመዋኘት ጉልበቱ ይደክማል፣ የሚያስፈልገውም ምግብ ያንሳል። ገበሬ ሐምሌ በገባ ጊዜ በጎተራው የቀረውን እህል እስከ አዲሱ እሸት እንዲያደርሰው እየሰፈረ እንደሚያወጣ፣ ዎልአይም በብርድ ወራት ጉልበቱን እየሰፈረ ያወጣል፤ የሚያገኘው ምግብ ለማግኘት ከሚያወጣው ጉልበት የማይበልጥ ከመሰለው ከስፍራው አይነቃነቅም።

ይሁን እንጂ ጨርሶ አይጾምም። ሴቲቱ ዓሣ በጸደይ የምትጥለውን ዕንቁላል በሆድዋ ማሳደግ የምትጀምረው ገና ክረምቱ ሳይገባ ነው፤ በብርዱም ወራት ሁሉ ስታሳድገው ትቆያለችና፣ ይህ ብዙ ሺህ ዕንቁላል የሚያድግበት ምግብ ከየትም ሳይሆን ከአፍዋ መግባት አለበት። ስለዚህ በጥርና በየካቲት፣ ውኃው ከዜሮ እምብዛም በማይበልጥበት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት እየበላች ትሰነብታለች። በክረምት መንጠቆ የምንጥለው በከንቱ እንዳልሆነ ማረጋገጫችን ይህ ነው።

እንግዲህ ስለ ወንዙ ልናገር፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ ታገሡኝ፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ውኃ ከብዙ ፈሳሾች የሚለይበት አንድ ድንቅ ጠባይ አለው፦ እየቀዘቀዘ በሄደ መጠን እየከበደ ይሄድና 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ክብደቱ ከሁሉ ይበልጣል፤ ከዚያ በታች በቀዘቀዘ ጊዜ ግን መልሶ ይቀላል። ስለዚህ በሐይቅ ውስጥ በክረምት ከባዱ የ4 ዲግሪ ውኃ ከታች ይተኛል፣ ቀዝቃዛውና ቀላሉ ከላይ ይንሳፈፋል፣ በረዶውም ከላይ ሆኖ እንደ ክዳን ይጋርደዋል፤ የሐይቁም ዓሣ ወደ ታች በመውረድ ከብርዱ ጥቂት ይሸሸጋል። በወንዝ ግን ይህ ሥርዓት አይሠራም። ወራጁ ውኃ ላዩን ከታቹ ጋር እያገላበጠ ስለሚቀላቅለው፣ ወንዙ ሲበርድ ከላይ እስከ ታች እኩል ይበርዳል፤ እስከ ዜሮ ዲግሪ ድረስ ቢወርድም ዓሣው የሚገባበት ሞቃት እልፍኝ የለውም። የወንዝ ዓሣ ከብርድ ማምለጥ አይችልም፤ ማምለጥ የሚችለው ከወራጁ ብቻ ነው።

ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሜ እላለሁ፣ በክረምት ወንዝ ዳር ለሚቆም ሰው ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ይጠቅመዋልና፦ የወንዝ ዓሣ ማምለጥ የሚችለው ከወራጁ ብቻ ነው። ወራጅ ውኃ ውስጥ ቆሞ መዋል ያለ ማቋረጥ መዋኘት ነው፤ መዋኘትም ጉልበት ማውጣት ነው፤ ጉልበቱም በብርድ ተቆጥሮ የተሰጠው ነው። እንግዲያውስ ወንዙን ስትመለከቱ «ዓሣው ወዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ውኃው የሚያርፈው ወዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ውኃው በወንዙ ጠመዝማዛ ውጫዊ ዳር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ከግርጌው ቀስ ብሎ በሚያልፍበት፣ ከድልድይ ምሰሶ ወይም ከትልቅ ድንጋይ በስተኋላ በአዙሪት በሚመለስበት፣ ፈጣኑና ዝግተኛው ውኃ ጎን ለጎን በሚሄዱበት ድንበር ላይ ፈልጉት። ከእነዚህ ሁሉ በእኔ አስተያየት የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ድንበር ነው፤ ዓሣው በዝግተኛው ውኃ ውስጥ አርፎ፣ ፈጣኑ ውኃ ተሸክሞ የሚያመጣለትን ትንንሽ ዓሣ ጥቂት ብቻ ተንቀሳቅሶ ይቀበላልና። ላዩን አይቶ መለየት ይቻላል፤ በአንድ ወገን ሞገዱ ይቸኩላል፣ በሌላው ወገን ውኃው ለስላሳ ሆኖ ይታያል፣ በመካከላቸውም የአረፋና የቅጠል መስመር ይሠራል።

ሌላም የተሸሸገ ምሥጢር አለ። ውኃ ከወንዙ ወለል ከጠጠሩና ከአሸዋው ጋር እየተፋተገ ስለሚያልፍ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍታ ውስጥ ያለው ውኃ ከላይኛው ይልቅ በጣም ዝግተኛ ነው፤ ዓሣውም ሆዱን ወደ ወለሉ አስጠግቶ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ከፍታ በላይ የሚያልፍ መንጠቆ፣ በጣም ያማረ ቢሆን እንኳ፣ በራሱ ላይ ያልፋል እንጂ አያስነሣውም።

ከወንዙ ተፈጥሮ ቀጥሎ የሰው እጅ የሠራውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሚሲሲፒ ከአይታስካ ሐይቅ ተነሥቶ ከ3,700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚገባ ወንዝ ሲሆን፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ለመርከቦች የሚበቃ ጥልቀት እንዲኖረው እ.ኤ.አ. በ1878፣ ቀጥሎም በ1907 ሕግ አውጥቶ፣ የሠራዊቱ መሐንዲሶች ከዳር ወደ መካከል የተዘረጉ ዝቅተኛ የድንጋይ ክምሮችን በወንዙ ውስጥ ሠሩ፤ ውኃው ወደ መካከል ተገፍቶ መንገዱን ራሱ እንዲቆፍር ነበር ዓላማቸው። እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ የ9 ጫማ ጥልቀት የሚሰጠው ሥራ ተፈቅዶ፣ የላይኛው ወንዝ መርከብ ማሻገሪያ ባላቸው ግድቦች ደረጃ በደረጃ ተከፋፈለ። ከእነዚህ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ያለቀው 3ኛው ግድብ፣ ከሬድ ዊንግ ከተማ በላይ ይገኛል፤ ከእኛ ከተማ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። የቀድሞዎቹ የድንጋይ ክምሮች ግድቦቹ ውኃውን ከፍ ባደረጉት ጊዜ ሰጠሙ፤ ዛሬ ለማያውቅ ባለጀልባ የሞተር መስበሪያ፣ ለሚያውቅ ዓሣ አጥማጅ ግን በመጸውና በጸደይ ዓሣው ፊት ለፊታቸው የሚያርፍባቸው የታወቁ ስፍራዎች ናቸው።

ግድቡ በክረምት ሁለት ነገር ያደርጋል። ውኃው በበሮቹ ሥር እየተናወጠ ስለሚወጣ ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ፣ ሐይቆቹ ሁሉ ድንጋይ በሚመስል በረዶ በተዘጉበት በጥር ወር እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ ሳይዘጋ ይቆያል። ሁለተኛም፣ ዎልአይና ሶገር መጸው ሲገባ ወደ ላይ መጓዝ የሚወዱ ናቸውና፣ ግድቡ መንገዳቸውን ሲዘጋባቸው ከእርሱ በታች ባሉት ጥልቅ ስፍራዎች ይከማቻሉ፤ ውኃው ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ሞቆ ዕንቁላላቸውን የሚጥሉበት ጊዜ እስኪደርስ ድረስም በዚያው ይከርማሉ። ከመካከላችሁ በጣና ዳር ያደጋችሁ፣ ነጭ ዓሣው በክረምት ዝናብ ጊዜ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ጉማራ ወንዝ ለመራባት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ፤ በዚያ አገር ዓሣውን የሚጠራው የዝናቡ ጎርፍ ነው፣ በዚህ ግን የበረዶው መቅለጥና የውኃው መሞቅ ነው። የፔፒን ሐይቅ የሚባለው ሰፊ ውኃ ከሬድ ዊንግ በታች መኖሩም ለዚህ ስፍራ ታላቅ በረከት ነው፤ በሐይቁ የሚያድገው ዓሣ ብዛት ወደ ላይ ሲመጣ የሚቆመው በዚሁ ግድብ ሥር ነውና።

ወደ አጠማመዱ እንሻገር። በዚህ ነገር ሰዎች ብዙ ዓይነት መሣሪያ ያሰልፋሉ፤ እኔ ግን በብርድ ወራት ከጂግ የሚበልጥ መሣሪያ አለ ብዬ አላምንም። ጂግ ማለት አንገቱ ላይ ክብ እርሳስ የፈሰሰበት መንጠቆ ነው፤ በመንጠቆው ላይ ሕያው የሆነ ትንሽ ዓሣ ወይም ለስላሳ የፕላስቲክ ጅራት ይሰካበታል። ክብደቱ እንደ ወራጁ ኃይል ከ7 እስከ 14 ግራም ይመረጣል፤ ደንቡም ቀላል ነው፦ ጂጉ ወለሉን ሲነካ ለእጃችሁ የሚያስታውቅ ከሆነ ይበቃል፣ ከዚያ የሚበልጥ ክብደት አያስፈልግም። ክሩ ቀጭን ይሁን፤ ወፍራም ክር ወራጁ እየገፋው ጂጉን ከወለሉ ያነሣዋል። የዎልአይ ዓይን ከቀለማት ሁሉ አረንጓዴንና ወደ ቀይ የሚያደላ ብርቱካናማን አብልጦ ስለሚያይ፣ የእርሳሱ ቀለም ከእነዚህ አንዱ ቢሆን መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ ቀለም የሚደረገው ረጅም ክርክር ከሚገባው በላይ ጊዜ ይወስዳል፤ ከቀለም ይልቅ ጥልቀት፣ ከጥልቀትም ይልቅ ዝግታ ይበልጣል።

ጀልባ ያለው ሰው ጀልባይቱን ለወራጁ ይለቅና በኤሌክትሪክ ሞተር እየገታ ከውኃው ጋር እኩል እንድትወርድ ያደርጋታል፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ ክሩ ከዘንጉ ጫፍ እስከ ወለሉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ጂጉም ከውኃው ጋር አብሮ የሚጓዝ ምግብ ይመስላል። ክሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንደ ሆነ ጀልባይቱ ከውኃው ፈጥናለች ወይም ዘግይታለችና ማስተካከል ይገባል። ከዚያ በኋላ የእጁ ሥራ ጂጉን አራት ጣት ያህል ማንሣት፣ ሳይለቁት ቀስ አድርጎ ማውረድ፣ ወለሉን ሲነካ ጥቂት ማቆየት ነው። በበጋ ከፍ አድርጎ ማስዘለልና ፈጥኖ መጎተት ይጠቅም ይሆናል፤ በክረምት ግን ዓሣው የሚሸሽ ነገር አያሳድድም፣ ጉልበቱ አይፈቅድለትምና። እጃችሁ ዘገየ ብላችሁ ስታስቡ፣ ከዚያም በግማሽ አዘግዩት።

ጀልባ የሌላችሁም ከዚህ ጸጋ የተከለከላችሁ አይደላችሁም። በዚሁ በከተማችን፣ በሂድን ፎልስ መናፈሻ ዳር ቆሞ፣ ወደ ላይ አቅጣጫ አሻግሮ ጥሎ ጂጉ ወለሉን እየነካ ቀስ ብሎ ወደ ዝግተኛው ውኃ እንዲገባ መተው ይቻላል። ብዙ እርሳስ በድንጋይ መካከል ይቀራል፤ የድንጋይ ስፍራ የዓሣም ስፍራ ነውና ይህ የማይቀር ዋጋ ነው።

ስለ መንከሱ ደግሞ አንድ ቃል። በብርድ ውኃ ውስጥ ያለ ዎልአይ ዘንጉን ነጥቆ አይወስድም። ቀርቦ አፉን በመክፈት ብቻ ውኃውን ከነጂጉ ወደ ውስጥ ይስባል፤ በእጃችሁ የሚሰማችሁ ከነበረው ክብደት ጥቂት መጨመሩ ነው፣ አንዳንድ ጊዜም ወለሉን መንካት የነበረበት ጂግ ሳይነካ መቅረቱ ነው። ጀማሪ «ቅጠል ያዘው» ብሎ ይተወዋል። እኔ የምመክራችሁ፣ ልዩነት በተሰማችሁ ቁጥር ዘንጉን ቀና እንድታደርጉ ነው። ጓንት ያደረገ እጅ ይህን አይሰማምና፣ ጣቶቹ ክፍት የሆኑ ጓንት ፈልጉ፤ በዘንጉ ቀለበቶች ላይ በረዶ ሲጋገርም በጣታችሁ አትስበሩት፣ ዘንጉን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አቅልጡት።

አሁን ወደ መጨረሻው ክፍል፣ ወደ ጥንቃቄው ደረስሁ፤ በዚህ ክፍል የምናገረው ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ነገር ነው። ዓሣው በአንድ ስፍራ ተከማችቷል ብያችኋለሁ፤ የተከማቸን ነገር ማጥፋት ቀላል ነው። በተለይም ከጥልቅ ጉድጓድ ስለ ማጥመድ ልብ እንድትሉ እለምናችኋለሁ። ዎልአይ በሆዱ ውስጥ በአየር የተሞላ ከረጢት አለው፤ ከረጢቱ ወደ አፉ የሚወስድ ቧንቧ ስለሌለው አየሩን በቶሎ ማስወጣት አይችልም፤ ስለዚህ ከ9 ሜትር ከሚበልጥ ጥልቀት ፈጥኖ ሲጎተት የውኃው ጭነት ይቀልለትና ከረጢቱ ይነፋል፣ ዓይኑ ይፈጥጣል፣ ጨጓራው ወደ አፉ ይገፋል። እንዲህ የሆነውን ዓሣ ቁመቱ ያነሰ ነው ብለው ወደ ወንዙ ቢመልሱት ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። በሕግ «መለስነው» እንላለን፤ በሐቅ ግን ገድለነዋል። ከጥልቁ ማጥመድ ቀላል ሆኖ በተገኘበት ቀን ከዚያ ወጥቶ 5 ወይም 6 ሜትር ወዳለው ውኃ መሄድ፣ በዚያም ጥቂት መያዝ፣ ለዓሣ አጥማጅ የሚገባ ክብር ነው ብዬ አምናለሁ። የሚመለሰውን ዓሣ ደግሞ ከውኃ ሳታወጡ መንጠቆውን ንቀሉለት፤ ከዜሮ በታች የሆነ አየር ስንጥቡን ያቃጥለዋልና። ሆድዋ የከበደውን ትልቅ ሴት በየካቲትና በመጋቢት መልሱአት፤ ለማዕድ የሚጥመው መካከለኛው ዓሣ ነው።

ሕጉንም እወቁ። በሚኔሶታና በዊስኮንሲን ድንበር ላይ ባለው የሚሲሲፒ ክፍል፣ ሬድ ዊንግንም ጨምሮ፣ ዎልአይ ዓመቱን ሙሉ ይጠመዳል፤ ሆኖም ከ15 ኢንች፣ ማለትም ከ38 ሴንቲ ሜትር ያነሰውን መያዝ ክልክል ነው። በከተማችን ግን፣ ከፎርድ ግድብ እስከ ሔስቲንግስ ግድብ ባለው ክፍል፣ ዎልአይና ሶገር ተይዘው ይመለሳሉ እንጂ ወደ ቤት አይወሰዱም። የቁጥሩ ገደብ በየጊዜው ስለሚሻሻል የዓመቱን ደንብ አንብቡ፤ ከ16 ዓመት ጀምሮ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የፈቃዱም ዓመት የሚጀምረው በማርች 1 ቀን ነው። የሕያው ዓሣ ማባበያ ያላችሁ፣ ከወንዙ ስትወጡ የባልዲውን ውኃ እዚያው አፍስሳችሁ በቧንቧ ውኃ ለውጡት፤ ባዕድ የሆኑ ነፍሳት ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው የሚተላለፉት በዚህ ነውና።

ሰሞኑን የነቢያት ጾም ስለገባ፣ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚል ጥያቄ ከመካከላችሁ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እርሱን ለአባቶቻችን ካህናት እተዋለሁ፤ የሚያጠምድ ሁሉ የመብላት ግዴታ እንደሌለበት ግን የከተማችን ወንዝ ራሱ ያስተምረናል። በሌላ በኩል፣ የምትበሉትን በሚመለከት፣ የሚኔሶታ ጤና መሥሪያ ቤት በዓሣ ውስጥ ስለሚገኘው ሜርኩሪ መመሪያ ያወጣልና፣ በተለይ ነፍሰ ጡር እኅቶቻችንና ሕፃናት ዎልአይን እንዲያሳንሱ የተሰጠውን ምክር አትለፉት።

ስለ ነፍሳችሁም። በብርድ ውኃ የወደቀን ሰው በመጀመሪያ የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን ድንጋጤው ነው፤ ሳያስበው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፣ አፉ ከውኃ በታች ከሆነም ይሰጥማል። በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጎርደን ጊዝብሬክት የተባሉ ሊቅ 1፣ 10፣ 1 በሚሉ ቁጥሮች እንዲታወስ አድርገውታል፦ ትንፋሽን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር እየታዘዙ ራስን ለማውጣት 10 ደቂቃ፣ ከብርዱ የተነሣ ራስን እስከ መሳት 1 ሰዓት ያህል። ይህ ቁጥር የሚሠራው ግን ላይፍ ጃኬት ለለበሰ ሰው ብቻ ነው፤ ያልለበሰው ከ10ሩ ደቂቃ አያልፍም። ስለዚህ በኅዳርና በጥር ጃኬቱ በጀልባይቱ ወለል ላይ ሳይሆን በትከሻችሁ ላይ ይሁን፤ ከግድቡ በታች የተተከለውን የማስጠንቀቂያ ምልክት አልፋችሁም አትግቡ። የወንዝን በረዶ ደግሞ አትመኑት። በሐይቅ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የጠራ በረዶ ሰውን ይሸከማል ይባላል፤ በወንዝ ላይ ግን ወራጁ ከሥሩ እየላገ ስለሚያሳሳው በአንድ እርምጃ የረገጣችሁት ውፍረት በሚቀጥለው ላይ ላይኖር ይችላል።

በመጨረሻ፣ በሐይቆቹና በሌሎቹ ወንዞች የዎልአይ ወቅት ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ እስከ ግንቦት መግቢያ ሲዘጋ፣ የድንበሩ ወንዝ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ዓሣው ወደ ግድቡ ይበልጥ ስለሚጠጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሞክሩ ሁሉ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። በዚያ በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ከ7 እስከ 14 ግራም የሚመዝኑ ጂጎች፣ ሁለት ዘንጎችና ጣቱ ክፍት የሆነ ጓንት አስቀምጫለሁ፤ ቀርባችሁ በእጃችሁ መዝኑአቸው። ጥያቄ ያላችሁ ደግሞ ጊዜው እስከ ፈቀደልን ድረስ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።